ስድስት ሺህ ሰባ ስድስት ኒውተን

ትናንት የልጅ ልጄ ማርታ ደብተሯን ይዛ መጣችና «እማማ፣ መምህራችን ሃምሳ ኪሎ ክብደት አይደለም ይላል» አለችኝ። ኪሎው መጠነ ቁስ መሆኑን፣ ክብደት ግን መሬት ዕቃውን የምትስብበት ኃይል መሆኑን፣ መጠነ ቁሱን በዘጠኝ ነጥብ ስምንት አባዝተን በኒውተን እንደምናገኘው አስረዳኋት። ገብቷት ሄደች። እኔ ግን አባቴ ትዝ ብሎኝ ቁጭ አልኩ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው የባቡሩ ሐዲድ በሚያልቅባት፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርባት የወደብ ከተማ፣ አምቡሊ የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ በባቡር ጋራዥ ያደገ፣ ከባድ ዕቃ በማንሳት የታወቀ ሰው ነበር፤ ፈረንሳይኛ ማንበብ ግን አይችልም። በዚያ ግንቦት ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ነጋዴ በሚያሠራው ቤት ጣሪያ ላይ ጄኔሬተር እንዲያወጣ ተቀጠረ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ምሳውን አደርስለታለሁ። የዚያን ቀን ከየመኖቹ ምግብ ቤት ምድጃ የወጣ ዓሣና ትኩስ ቂጣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ነበር። ከወደቡ የሚመጣው ነፋስ ራሱ ያቃጥላል። የዓሣው ዘይት ጋዜጣውን አልፎ የትምህርት ቤት ልብሴን ሲነካው አፈርኩ፤ በዚያ ዕድሜ የማያሳፍር ነገር የለም።

ስደርስ ጄኔሬተሩ በሰንሰለት ታስሮ፣ ጣሪያው ላይ ከተሰቀለው ማንሻ መዘውር፣ ከካሩኬላው መንጠቆ ጋር ተያይዞ ነበር። ሲነሳ ከሥር ሆኖ የሚመራው አባቴ ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ሰሌዳ አነበብኩ፤ ስድስት መቶ ሃያ ኪሎ። መንጠቆው ላይ ደግሞ በዝገት መሀል «አምስት ኪሎኒውተን» የሚል ጽሑፍ አለ። ለፈተና ሳጠና ስለሰነበትኩ ሚስማር አነሳሁና ሲሚንቶው ላይ በዘጠኝ ነጥብ ስምንት አባዛሁ። ስድስት ሺህ ሰባ ስድስት ኒውተን። መንጠቆው የተፈቀደለት አምስት ሺህ ብቻ ነው።

«አባባ፣ አያንሱት! መንጠቆው አይችለውም!»

የሥራው አለቃ ሀሰን የድሬዳዋ ልጅ ነው። «አምስት ማለት አምስት ቶን ነው፣ እህቴ» ብሎ ሳቀ። «ምሳውን አስቀምጪና ሂጂ።»

አባቴ አልሳቀም። «እስቲ ቁጥሩን ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። የጫርኩትን ትክ ብሎ አየው። እንደማይገባው አውቃለሁ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀ።

«ሌላ መንጠቆ ካልመጣ አላነሳም።»

«ጋሽ ተፈራ፣ ነጋዴው ሥራው ዛሬ ይጠናቀቅ ብሏል እኮ!»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልግ።»

ፈለገ። በማግስቱ ሌሎች ሰዎች በዚያው መንጠቆ ጄኔሬተሩን ጣሪያ ላይ አወጡት። ምንም አልሆነም። ወሬው አምቡሊ ደረሰ። «አለቃህ ልጅህ ናት አሉ!» እያሉ ቀለዱበት፤ ክረምቱን ሙሉ ለሥራ የጠራው ሰው አልነበረም። እኔም ፊቱን ማየት አቃተኝ። አንድ ቀን ሳህን ሳጥብ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ማባዛቱን ተሳስተሽ ነበር?»

«አልተሳሳትኩም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን አንገት ያስደፋሻል? እነሱ ተረፉ እንጂ አንቺ አልተሳሳትሽም።»

ኋላ ፊዚክስ አስተማሪ ስሆን፣ መንጠቆ የሚሠሩ ሰዎች ሊሸከም ከሚችለው አሳንሰው እንደሚጽፉበት ተረዳሁ። ያን ቀን ያዳናቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ለአባቴ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። እሱ ቀመሩን አያውቅም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያመነው እኔን ነው።

ዛሬ የዚያን ጊዜ ዕድሜውን አልፌያለሁ። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሰው እየሳቀባት «ተዪው» ብትለኝ፣ እንጀራዬን የማገኝበትን ሥራ ጥዬ እወጣ ይሆን? እወጣለሁ ለማለት ደጋግሜ ሞከርኩ። አፌን ሞልቼ ማለት ግን አልቻልኩም።