እናቴ አዊኛ የተማረችበት ዓመት

አባቴ እንጅባራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ተወልዶ ያደገው ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው፤ አማርኛን የለመደው ከተማ ገብቶ፣ ስፌት መኪና ፊት ተቀምጦ ነው። እናቴ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጣች የጴንጤ ልጅ ናት። አባቴ እሷን ሲያገባ ቤተ ክርስቲያን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ ደጃችንን የምትረግጠው ለለቅሶ ብቻ ሆነ። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነበር። አባቴ በአዊኛ የሚያወራው ከገበያ ቀን ደንበኞቹ ጋር ነው፤ እኔም የማውቃት ጥቂት አዊኛ ከእነሱ የለቀምኳት ናት።

ሕመሙ የታወቀን በኮት እጅጌ ነው። ግራና ቀኙን አዛውሮ ሰፋው። ሲነግሩት ሳቀና ፈታው፤ መልሶም እንደዚያው ሰፋው። እያደር የደንበኞቹ ስም ጠፋበት፣ ቀጥሎም አማርኛው ራሱ ይርቀው ጀመር። እናቴ ምሳ ላቅርብ ወይ ስትለው በአዊኛ ይመልስላታል። እኔ በሌለሁበት ሁለቱ ዝም ብለው እየተያዩ ይውላሉ።

ባሕር ዳር ወስደን አሳየነው። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ስለ ነርቭ ሴል ሳስተምር ኖሬያለሁ። ሐኪሙ ግን ያወራን ስለ ሴሎቹ ጎረቤቶች ነው። የነርቭ ሴሎች ብቻቸውን አይኖሩም፤ የሚመግቧቸው፣ ቆሻሻቸውን የሚያነሱላቸው፣ የሚጠብቋቸው ደጋፊ ሴሎች አሉ አለን። እነሱም ያረጃሉ። ሲያረጁ ጽዳቱን ያጓድላሉ፤ አንዳንዶቹም በሆነ ባልሆነው እንደሚቆጣ ዘበኛ፣ የሚጠብቁትን መልሰው ይጎዳሉ። ለአባቴ ሕመም ይህ አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል፣ ነገሩ ግን ገና እየተጠና እንደሆነ ሳያጋንን ነገረን።

እናቴ አዳምጣው ስታበቃ፣ "እነዚያን ደጋፊዎች የሚያበረታ መድኃኒት አለ?" አለችው።

"እስካሁን የለም፣ እማማ። የአባባን እንቅልፍ ይጠብቁላቸው፣ በእግር ያንሸራሽሯቸው። ብቻቸውን አይተዋቸው፤ ያጫውቷቸው።"

በሚኒባስ ስንመለስ ዳንግላ ላይ እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "በምን ቋንቋ ላጫውተው?" አለችኝ። አዲስ ቅዳም ስንገባ ወራጅ አለ ብላ አስቆመች። አባቴን ይዤ ወደ ቤት እንድሄድ ነግራኝ ወደ አክስቴ ቤት አቀናች።

እዚያ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። በማግስቱ ግን ሁለቱ አብረው መጡ፤ ከዚያ በኋላ አክስቴ በየሳምንቱ እየመጣች ትሰነብት ጀመር። በጾም የራሷን ወጥ በራሷ ድስት ትሠራለች፤ እናቴም ቅር አትሰኝም። እናቴ ስልሳን ተሻግራ ተማሪ ሆነች። መጀመሪያ የምግቡን፣ የውሃውን፣ የመኝታውን ስም ያዘች። አማርኛ ውስጥ የሌሉት ድምፆች ጉሮሮዋ ላይ እየተወተፉ ያስቸግሯታል። አባቴ ይስቅባታል፤ ደግሞ ሳይሰለች እየደጋገመ ያርማታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን አባቴ ወደ እህቱ ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ጠየቃት። አክስቴ ሳቋ አመለጣት።

"ይህቺ ሴት መልካም ሰው ናት፤ አነጋገሯ ግን ገና ነው። ባል አላት ወይ? ይላል" ብላ ተረጎመችልኝ።

እናቴ ትርጉም አላስፈለጋትም። ሻሿን አስተካክላ፣ አዎ፣ ባል አለኝ፣ ደግ ሰው ነው ብላ ራሷ በአዊኛ መለሰችለት። አባቴ ጥቂት አሰብ አደረገና፣ ሰውየው ዕድለኛ ነው አላት።

ሕመሙ አልቆመም። ኋላ ኋላ አዊኛውም እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻ የቀረው የእናቴን እጅ ይዞ ፈገግ ማለት ነበር። አልጋው ላይ እንዳለ፣ ሳይጨነቅ አረፈ። ያንን ጊዜ ሳስበው ግን ትዝ የሚለኝ የበረንዳው ሳቅ ነው።

አክስቴ መምጣቷን አልተወችም። ከእናቴ ጋር ጓዳ ገብተው ሽንኩርት እየከተፉ በአዊኛ ሲያወሩ ፍጥነታቸውን አልችለውም። አልፎ አልፎ ስሜን ሲያነሱ እሰማለሁ፤ ምን እንዳሉ ግን አልጠይቃቸውም።