የእትዬ ፍሪጅ ባትሪ

ስኳር እንዳለብኝ ከታወቀ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ቢቸና ውስጥ ግን ከሐኪሙ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ማዘጋጃ ቤት ነው የምሠራው፤ በዚያ ሰሞን ለማግባት ሽማግሌ ልልክ እያሰብኩ ስለነበር የልጅቱ ቤተሰብ በሽተኛ ነው ብለው እንዳይመልሱኝ ፈራሁ።

የምከራየው ክፍል ፍሪጅ የለውም። ኢንሱሊኔን የማስቀምጠው ከግቢያችን በር አጠገብ ለስላሳና ውኃ በሚሸጡት ጎረቤቴ ሱቅ ነው። እትዬ እላቸዋለሁ፤ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። መጀመሪያ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ስሰጣቸው የዓይን ጠብታ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ሳይመረምሩኝ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከውኃው ጀርባ ቦታ ሰጡኝ።

ባለፈው በጋ መብራት አንዴ ከሄደ ለቀናት አልመለስ አለ። እትዬ ጣሪያቸው ላይ የሶላር ሰሌዳ ነበራቸው፤ ባትሪው ግን ሞቷል። አዲስ ለመግዛት ቆረጡ። ሞጣ ዕቃው እንደ ልብ ይገኛል ስለተባለ መንገዱ ሰላም የሆነ ሳምንት ጠብቀው፣ ሂሳብ ታውቃለህና እንዳልታለል አብረኸኝ ሂድ አሉኝ። ከጉዞው በፊት ስለ ባትሪ ዓይነቶች በስልኬ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የራሴ ጉዳይም ነበርና። ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

ሞጣ የገባንበት ሱቅ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሐጂ ናቸው። በሩ ሥር አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ። ሐጂ ሦስት ባትሪ አውጥተው ባንኮኒው ላይ ደረደሩልን። አንዱ እንደ መኪና ባትሪ ውኃ የሚጨመርበት ነው፤ ከሁሉም ይረክሳል። ሁለተኛው የታሸገ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። ሦስተኛው ሊትየም ነው፤ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ያወጣል።

ፍሪጁ ምን እንደሚይዝ ጠየቁ። እትዬ ለስላሳና ውኃ ነው አሉ።

ሐጂም እንግዲያውስ አይክሰሩ ብለው መከሯቸው። ለስላሳ ሌሊት ቢሞቅ አይበላሽም፤ ማታ አጥፍተው ጠዋት ቢከፍቱት ርካሹ ባትሪ ይበቃል።

እትዬ ግን “ሌሊቱንም መሥራት አለበት” አሉ።

ሐጂ ለምን እንደሆነ ጠየቁ። እኔ እንዲያ ነው የምፈልገው አሉ እትዬ። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዱ፣ ቢቸና ሰው ሌሊት ተነስቶ ነው ለስላሳ የሚጠጣው አለና ጓደኛውን አሳቀው። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ባትሪዎቹን ማየት ቀጠሉ። ሰው ሲሳቅበት አብሮት ወደመጣው ሰው ዞር ይላል። እሳቸው ወደ እኔ አልዞሩም። እንዳይዞሩ ሲጠነቀቁ አየሁ፤ ሁሉን እንደሚያውቁ የገባኝ ያኔ ነው። በትልቅ ሴትነታቸው በማያውቁት ሰው ፊት እንደ ሞኝ የሚቆጠሩት ለእኔ ሲሉ ነበር።

ስልኬ ላይ ሂሳብ የምሠራ መሰልኩ።

ሐጂ ትንሽ ተቸግረው፣ “እህቴ፣ ውዱን ቢገዙ የምጠቀመው እኔ ነኝ፤ በኋላ ግን እንዳያዝኑብኝ። ልጅዎ ያስረዳዎት” አሉና ወደ እኔ ተመለከቱ።

አፌን የከፈትኩት ለክፉ ነው።

“ሐጂ ያሉት ልክ ነው እትዬ። ርካሹ ይበቃል” አልኩ።

እትዬ ያኔ ዞረው አዩኝ። ቁጣ አልነበረም ፊታቸው ላይ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ርካሹ አይበቃም ልጄ” አሉኝ።

ስልኬን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ፣ “መድኃኒት አለበት” አልኩ። “የኔ ነው። ስኳር አለብኝ፤ ኢንሱሊን ነው።”

ሐጂ አላዘኑልኝም፣ አልመከሩኝምም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ርካሹን ባትሪ ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሆነማ ሂሳቡ ሌላ ነው አሉ። ርካሹ በየሌሊቱ እየተሟጠጠ ሲያድር ቶሎ ይሞታል፤ ሊትየሙ ብዙ ዓመት ይቆያል። ርካሹን እየደጋገሙ ከመግዛት ውዱን አንዴ መግዛት በመጨረሻ ይረክሳል። ይህን ሁሉ ከጉዞው በፊት አንብቤ አውቀው ነበር። እትዬ ይዘውኝ የሄዱትም ይህን እንድናገርላቸው ነው።

ሊትየሙን ገዛን። ስንመለስ ባትሪውን እግራችን መሃል አድርገን ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥን። ጉንደ ወይን ላይ ሰው ሲወርድ ጠጋ ብዬ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። በመጀመሪያው ወር ከፌስታሉ የመርፌ ክዳን ወድቆ አግኝተዋል። ለባለቤታቸው እንኳ አልተናገሩም። ከባትሪው ዋጋ ግማሹን እኔ ልክፈል ብላቸው ለፍሪጄ ነው የገዛሁት ብለው እምቢ አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ብዙ ከሄድን በኋላ፣ “በሽታህን መደበቅህ አይደለም የከፋኝ” አሉ። “የዓይን ጠብታ ነው ስትለኝ እንደ ሞኝ ቆጠርከኝ። ዝም ብለህ ብትሰጠኝ ኖሮ ዝም ብዬ አስቀምጥልህ ነበር።”

ይቅርታ ልል ፈልጌ ከአፌ የወጣው ባትሪው እንዳይወድቅ እንያዘው የሚል ነገር ነው።

ባትሪው ሥራውን ይሠራል፤ መብራት ሲሄድም ፍሪጁ አይጠፋም። እኔ ግን አልተሻልኩም። ሞጣ ላይ ለማላውቃቸው ሰዎች የተናገርኩትን ቢቸና ላይ ልደግመው አልቻልኩም፤ ሽማግሌም አልላክሁም። ትናንት መድኃኒቴን ልወስድ ስሄድ ሱቁ በር ላይ ተማሪዎች ቆመው ነበር። መንገዱ ማዶ ቆሜ እስኪሄዱ ጠበቅኩ። እትዬ አይተውኛል። ሳይጠሩኝ፣ ተማሪዎቹንም ሳያጣድፉ መልሳቸውን ቆጥረው ሰጧቸው፤ ሁሉም ሲሄዱ ፍሪጁን ከፍተው ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝና ወደ ጓዳ ገቡ።