ፎቶውን ማን አነሳው?

ብሎግ መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። የምጽፈው ስለ ቀበናና ስለ አካባቢዋ ነው። ክዳኑ ስለጠፋ ቱቦ፣ በሩ ስለማይዘጋ ታክሲ፣ ደመና ባየ ቁጥር ስለሚጠፋ መብራት። ማንንም የሚያስቀይም ነገር የለውም። አንባቢዎቼ ግን ለቱቦው ደንታም የላቸውም። የሚያሳስባቸው የጻፈችው ሴት ናት።

ስለ ቱቦው ስጽፍ "ባል ያጣች" ተባልኩ። ስለ ታክሲው ስጽፍ ከባሌ ተፋታሁ፤ በመሀል መቼ እንዳገባሁ ግን የነገረኝ የለም። ስለ መብራቱ የጻፍኩ ቀን ደግሞ አንዱ ሽሮ መሥራት እንደማልችል በእርግጠኝነት መሰከረ። እሱ ትንሽ አናዶኛል፣ ምክንያቱም እውነት ነው። አንድ ጊዜ ጽሑፉ ጥሩ ወጥቶልኝ "ይሄ በሴት ስም የሚጽፍ ወንድ ነው" ሲሉኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ውዬ ኋላ በራሴ አፈርኩ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ስለዚያው ቱቦ ከእኔ በኋላ ጻፈና "ተንታኝ" ተባለ። ቱቦው አሁንም ክፍት ነው።

ከሁሉም የባሰው ግን የእንጦጦው ፎቶ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ወጣን። እናቴ ስድሳ አልፏታል፤ ሐኪም በእግርሽ ሂጂ ብሏታል። ብርድ ትፈራለች፣ ስለዚህ የታላቅ ወንድሜን ወፍራም ጃኬት ደርባለች። ፀሐይም ትፈራለች፣ ስለዚህ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋለች። ባሕር ዛፉ መሀል ስንደርስ ስልኬን ሰጥቻት አንሺኝ አልኳት። ሦስት ጊዜ የራሷን ጣት አነሳች፤ በአራተኛው እኔን። ፀሐይዋ ከጀርባዋ ነበረችና ጥላዋ መንገዱ ላይ ተጋድሞ እግሬ ሥር ደርሷል። እኔ ልብ አላልኩትም።

ቤት እንደገባን ፎቶውን ከጽሑፍ ጋር ለጠፍኩት። ከጻፍኳቸው ሁሉ የምወደው ጽሑፍ እሱ ነው፤ ስለ እናቴ አረማመድ። እናቴ ዳገት ላይ ሲደክማት "ደከመኝ" አትልም። "እስቲ ከተማዋን ልያት" ትላለች። ያን ቀን ከተማዋን አሥራ ስድስት ጊዜ አይተናታል። ይህንንና ይህን የመሰለውን ሁሉ እያሳቀኝ ጽፌ፣ መጨረሻው ላይ ራሴም ሳላስበው እንባዬ መጣ።

የመጀመሪያው ኮሜንት "ፎቶውን ማን አነሳው?" ይላል። ሁለተኛው ጥላውን አገኘው። ከዚያ በኋላ ወደ ጽሑፉ ዞር ብሎ ያየ የለም። ጥላውን በቀይ አክብቦ መልሶ የለጠፈ ነበር። "ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ" አሉት። "ትከሻውን እዩት፣ ሀብታም ነው" አሉ። አንዱ የጥላውን ርዝመት አስልቶ ሰውየው ከስድሳ እንደማያንስ ደረሰበት፤ በዕድሜው እንኳ አልተሳሳተም። አንዲት ሴት ለሚስቱ አዘነች። "እናቴ ናት" ብዬ ብጽፍ "ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት" የሚል መልስ መጣልኝ። ስቄ ተውኩት።

የእናቴ የጸሎት ኅብረት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ነው የሚሰበሰበው። ከእሷ ጋር ስድስት እህቶች ናቸው። ፎቶውን ከለጠፍኩ በኋላ በመጣው ረቡዕ ከቤት ነበር የምሠራው፤ ሻይ ላፈላላቸው ኩሽና ገባሁ። ደንባቸው እንዲህ ነው፦ አንዷ የጸሎት ርዕስ ታቀርባለች፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ። ርዕሱ ሰው ከሆነ ስም አይጠራም። አንደኛው ርዕስ አገራችን ነበረች፣ ሁለተኛው የአንዷ ልጅ ፈተና። ሦስተኛውን ጎረቤታችን አቀረበች።

"አንዲት የሰፈራችን ልጅ አለች፤ ስሟን ጌታ ያውቀዋል። ባርኔጣ የሚያደርግ አንድ ሽማግሌ ባለጠጋ አጥምዷታል። እንጦጦ ድረስ ይዟት ይወጣል አሉ።"

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ከእናቴ በቀር ማን እንደሆነች ያላወቀ አልነበረም። እናቴ ስላላወቀች ከሁሉም አብልጣ ጸለየች።

"ጌታ ሆይ፣ ሽበቱን የማያፍረውን ያንን ሰውዬ ተመልከተው! በባርኔጣው ሥር የደበቀውን አንተ ታየዋለህ! እግሩን እሰርልን! ዳግመኛ ያንን ተራራ እንዳይወጣ!"

"አሜን!" አሉ ሁሉም።

ጸሎቱ ሲያልቅ ጎረቤታችን እናቴን ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻትና በጆሮዋ ነገረቻት። እናቴ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋችው።

"ሰውዬው ማነው?"

ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም።

"ብሎግ የምትይውን ነገር ዛሬውኑ ዝጊው። እዚህ ቤት እየኖርሽ ከእንግዲህ አንድ መስመር እንዳትጽፊ!"

አገጯ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቄ ጠፋ። የማያውቀኝ ሰው ያሻውን ቢለኝ ለምጄዋለሁ፤ እናቴ ወሬውን ማመኗን ግን አልችለውም። ብሎጉ ከሥራዬ ውጭ የኔ የምለው ብቸኛ ነገር ነው። እሷ እያዘነች ደግሞ እንደማልጽፍ አውቀዋለሁ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ፊቷ ያዝኩላት።

"ሰውዬው ይኸውልሽ።"

መነጽሯን አድርጋ አየች።

"ባርኔጣው የኔን ይመስላል።"

"የአንቺ ነው።"

"ባርኔጣዬን ለሱ አዋስሽው?!"

"እማዬ፣ ቅዳሜ ፎቶ ያነሳኝ ማነው?"

እንደገና አየች። ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው።

"እኔ እንዲህ ወፍራም ነኝ?" አለች በመጨረሻ።

ከዚያ ወደ ሳሎን ተመለሰች፤ እኔም ሻዩን ይዤ ተከተልኳት።

"እህቶች፣ ተቀመጡ። ምስክርነት አለኝ" አለች። ሁሉም ተቀመጡ። "ያ ሽማግሌ ሰውዬ እኔ ነኝ።"

"አሜን" አለች አንዷ በልማድ። ከዚያ ቀስ እያለ ገባቸው። ጎረቤታችን አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ ከእሁድ ጀምሮ ቤቴ ተንበርክኬ 'እግሩን እሰረው' እያልኩ ነው!"

እናቴ ከእሁድ ጀምሮ ታነክስ ነበር። "ለካ አንቺ ነሽ!" አለቻት፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

"ለመሆኑ ጽሑፉ ስለ ምንድን ነው?" አለች አንዷ እንባዋን እየጠረገች። እርስ በርስ ተያዩ። ፎቶውን ያላየ የለም፤ ያነበበ ግን አንድም አልነበረም።

"ስለ እሷ ነው" አልኩ ወደ እናቴ እያየሁ።

እናቴ ሳቋን አቆመች። "ስለ እኔ?"

"ዳገት ላይ ስለምትሄጂው አካሄድ።"

"እና ይሄ ሁሉ ሰው ሲያየው እኔ የማላየው ለምንድን ነው?"

"ብሎግ አይገባሽም ብዬ ነዋ፣ እማዬ።"

"አይገባትም ብሎ ማን ነገረሽ?" አለችና እጇን ዘረጋች። "አምጪው። እስካነበው ድረስ እንዳትዘጊው።"

ስልኩን ሰጠኋት። ማንም አልነገረኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቃት፣ እኔው ነኝ ያልኩት።