የተነቀለችው ላባ

ሲፕኬ ዊርዳን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ዋሸሁ። እዚህ ፍሪስላንድ፣ በመንደራችን የዶሮ አርቢዎች ውድድር ላይ ለአሥራ አንድ ዓመት በየኅዳሩ ጎን ለጎን ቆመናል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለንም። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የእንጨት ጫማ ያደርጋሉ፤ ጥቁር ዶሮዎቻቸው ሁልጊዜ ያሸንፋሉ። የእኔዎቹ አሥራ አንድ ጊዜ "ስለተሳተፉ እናመሰግናለን" የሚል ካርድ ተሰጥቷቸዋል። ከመሞቴ በፊት አንድ የአሸናፊ ሪባን፣ ሌላ ምኞት የለኝም።

ዘንድሮ ታዲያ ከሰል የመሰለ አውራ ዶሮ ወጣልኝ፤ አቋሙ ከእኔም ይሻላል። መስከረም መጀመሪያ ላይ ክንፉን ብገልጥ አንዲት ነጭ ላባ! ጥቁር ዶሮ ላይ ነጭ ላባ ካየ ዳኛው ሁለተኛ ዞር ብሎ አያየውም። ከመቀስ ሌላ ዘዴ አልታየኝም፤ ቆረጥኳት።

ምክር ፍለጋ ዶሮውን ታቅፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ብሄድ፣ ሲፕኬ ጉቶዋን አይተው በሳቅ ትን አላቸው።

"አንተ ልጅ፣ ምን አደረግክ?" (ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።) "ላባ እንደ ጢምህ መሰለህ? አንዴ ካደገች በኋላ የሞተች ነገር ናት። ብትቆርጣት ጉቶዋ፣ ዶሮው ላባውን እስኪቀይር፣ እስከ ከርሞ ተገትሮ ይቀራል። ሥሯ የሚነቃው ስትነቀል ነው።"

"አሁን ብትነቀል ትደርሳለች?"

"ሰባት ሳምንት ትፈልጋለች፤ ዘጠኝ አለህ። ጥቁር ሆና ልትመጣም ትችላለች።" ጉቶዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው መዠረጧት። ዶሮው ጮኸ፤ እኔም ጮኽኩ። "እንግዲህ እንዳትነካካት! ስታድግ በተጠቀለለችበት ሰገባ ውስጥ ደም አለ፤ ቀለሟንም የምታገኘው እዚያው ነው።"

በሦስተኛው ሳምንት የእስክሪብቶ ቀፎ የመሰለች ነገር ከቆዳው ብቅ አለች። ጥቁር ትሁን ነጭ ለማወቅ ጠዋት በመነጽር፣ ማታ በባትሪ አየኋት። በመጨረሻ ሰገባዋን በጥፍሬ ፈልቀቅ ባደርጋት ደሙ እጅጌዬ ላይ ወረደ።

ላባዋ አደገች። ጫፏ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፤ ማለትም ብተዋት ኖሮ ጥቁር ትሆን ነበር። ካቆሰልኳት በኋላ ያደገው ግን ነጭና ጠማማ ሆነ።

ኅዳር ላይ ዳኛው ክንፉን ገለጠ፤ በቀስታ መልሶ አጠፈው፤ ካርዴን ሰጠኝ። የሲፕኬ ዶሮ ሪባኑን ወሰደ። እንኳን ደስ አለዎት ልል ጠጋ ስል፣ በተገለጠው የዶሯቸው ክንፍ ውስጥ አንዲት ላባ ከጎረቤቶቿ አጠር ብላ፣ አዲስ ሆና ታበራለች።

"ሲፕኬ፣ እርስዎስ ይችን ነቅለዋታል እንዴ?"

ክንፉን በመዳፋቸው ሸፈን አድርገው ምሳ ወደቀረበበት ጠረጴዛ በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

"የአተር ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው" አሉኝ።