ካውቦይ ፊልምና የጋሽ አድማሱ ድንጋይ

ይህ ነገር የገጠመኝ ከሁለት ዓመት በፊት ቢቸና ስሠራ ነው። ዛሬም ካውቦይ ፊልም በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የአሰላ ልጅ ነኝ። ቢቸና የተመደብኩት በላብራቶሪ ባለሙያነት ነበር። ሥራ ላይ ሰው አላጣም፤ እሑድ ግን የማወራው አልነበረኝም። ኔትወርክ እንደልብ ስለማይገኝ ከአንድ ሱቅ ፍላሽ ሙሉ ፊልም አስጫንኩ። ሁሉም ካውቦይ፣ ሁሉም በቀል። ርካሽ ፊልሞች ናቸው። በአንዱ የተቃጠለው ቤት በሌላው ደህና ሆኖ ይገኛል፤ ፈረሱ ጥቁር ሆኖ ይነሣና ቡናማ ሆኖ ይደርሳል። ታሪኩም ያው ነው። ቤተሰቡን ይገድሉበታል፣ ገዳዮቹን አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል፣ ከዚያ ብቻውን ይሄዳል። እኔ ግን ወደድኳቸው። እዚያ ብቸኛ ሰው አያሳዝንም፤ እንዲያውም ያምርበታል። እኔ ላይ ለምን እንደማያምር እንጃ።

አከራዬ ጋሽ አድማሱ ሰባን ያለፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ የፊልሙን ተኩስ ሰምተው ደንግጠው መጡ።

"ምንድን ነው የሚተኮሰው፣ አንቺ ልጅ?"

ላፕቶፑን ሳሳያቸው ስቀው ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲያ እሑድ ከሰዓት አይቀሩም። እኔ እየተረጎምኩ አብረን እናያለን። ፊልሙ ሲያልቅ ግን አይነሡም።

"ከዚያስ?"

"አለቀ እኮ፣ ጋሼ።"

"ኧረ የት አለቀ! ይኼ የተገደለው ሰውዬ ወንድም የለውም?"

እስቅ ነበር። በኋላ ጎረቤታችን ነገሩን አጫወተችኝ። የጋሽ አድማሱ አንድ ልጅ በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው ገድሎ ታስሯል። ቅጣቱን ጨርሶ ቢወጣም የሟች ወንድም አልታረቅም ስላለ አገሩ መግባት አልቻለም፤ ጅማ በቀን ሥራ ይኖራል። አባቱ ሳይሞቱ ልጃቸውን ቤታቸው ማየት ይፈልጋሉ። ይህን ከሰማሁ በኋላ መሳቁን ተውኩት።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። መሀል ላይ ጋሽ አድማሱ ትልቅ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው አጎንብሰዋል። የሚያሠቃዩአቸው መሰለኝ።

"ምነው እናንተ ሰዎች! አታፍሩም?" ብዬ ጮህኩና ድንጋዩን ከላያቸው አወረድኩት።

አንደኛው ሽማግሌ ራሳቸውን ያዙ።

"አዬ ልጄ! እሱ ነበር እኮ የሚያወርደው" አሉኝ፣ ፊት ለፊት ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ወደተቀመጠው ሰው በአገጫቸው እያመለከቱ። የሟች ወንድም ነው። ለካ ድንጋይ መሸከሙ የይቅርታ ልመና ኖሯል፤ ይቅር ካለ በገዛ እጁ ያወርደዋል። ስንት ጊዜ ተለምኖ ያን ቀን ነው እሺ ብሎ የመጣው።

ሰውየው ብድግ ብሎ ወደ በሩ አየ። እሱ ቢወጣ የጋሽ አድማሱ ልጅ በእኔ ምክንያት በሰው አገር ሊቀር ነው።

ጋሽ አድማሱ አልተቆጡኝም። ጎንበስ አሉና ድንጋዩን ለማንሣት ሞከሩ። አቃታቸው። ላግዛቸው ስል ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። ጋሼ እንደገና ታግለው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ማጅራታቸው ላይ መለሱት። ሰውየው ይህን ሁሉ ቆሞ ያያል። ከዚያ ቀስ ብሎ መጣና ድንጋዩን በሁለት እጁ አንሥቶ መሬት አስቀመጠው።

"ይቅር ብያለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር" አለ፤ አለቀሰም። እኔም አለቀስኩ።

ልጁ ብዙም ሳይቆይ ከነሚስቱ መጣ። እሑድ ሲደርስ ጋሽ አድማሱ ወደ እኔ ክፍል አልመጡም። ልጃቸውን ሲያጫውቱ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ፊልሜን ከፍቼ ሳልጨርሰው ዘጋሁት።

አሁን ወደ ሞጣ ተዛውሬያለሁ። ጋሼ እየደወሉ "መቼ ነው የምትመጪ?" ይሉኛል፤ እኔም "እመጣለሁ" እላለሁ። ሩቅ ሆኖብኝ አይደለም። ሄጄ ቤታቸው ሞልቶ ባየው ከልቤ ደስ ይለኛል። የምፈራው ከዚያ ወደ ባዶ ክፍሌ መመለሱን ነው።