አፋርኛም ሶማሊኛም ያልሆነችው እሹሩሩ

ወደብ ላይ ከየአገሩ መርከብ ጭነት ያወርድ የነበረው አባቴ፣ ሲያስተኛን የሚዘፍናት አንዲት ዘፈን ነበረችው። መጨረሻዋ ላይ ሁለት ጣቱን ጉንጩ ላይ ለጥፎ በዓይኑ ይጠቅሰናል። ጎረቤቶቻችንን ቋንቋዋን ስጠይቅ አፋሮቹ «ሶማሊኛ ነው»፣ ሶማሌዎቹ «አፋርኛ ነው» ይሉኝ ነበር። አባቴም ሞተ፣ ዘፈኗም ተረሳች።

ባለፈው ሳምንት ከአምቡሊ ኤርፖርት አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ በታክሲዬ ጫንኩ። መንገድ ተዘግቶ ስንቆም፣ ከየት እንደመጣችብኝ እንጃ፣ ያቺን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመርኩ። ሰውየው ከኋላ ተቀበሉኝ! ቃል በቃል!

«ሙሴ፣ ያውቋታል እንዴ?» አልኳቸው፤ «ጌታዬ» ማለቴ ነው።

«ልጅ ሳለሁ አንዲት ኮረዳ በቴሌቪዥን ትዘፍናት ነበር» አሉኝ በፈረንሳይኛ። «አሁን አገሬ እንኳ ረስቷታል። መጨረሻዋንስ ታውቃለህ?»

በመስታወቱ አየኋቸው። ሁለት ጣታቸውን ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው፣ ልክ እንደ አባቴ ጠቀሱኝ።