ሳሙናና ክብሪት ያለበት ዘፈን

የሰፈሩ ልጆች «እትዬ ባትሪ» ይሏታል። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ትኬት የምትቀደው፣ ከዚያም በእጅ ባትሪዋ እያበራች ወንበር የምታሳየው እሷ ናት። ፊልም ተጀምሮ የሚያወራ ካለ ባትሪዋን ፊቱ ላይ ደግና ጸጥ ታሰኘዋለች። ሰው ሁሉ ቁጡ ናት ይላታል። ቁጣውስ ለደንቡ ነው፤ ሴትዮዋ ሆደ ቡቡ ናት።

በየዓመቱ ትምህርት ቤት በተዘጋ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሲኒማ ቤቱ አንድ የቆየ ፊልም ያሳያል። ከልጆች መጽሐፍ የተወሰደ፣ ዘፈን የሞላበት ተረት ነው። አንዲት ልጅ ባልዲዋን ተከትላ ጉድጓድ ትገባና ሰውም ዝይም ማሰሮም በዘፈን ብቻ የሚነጋገርበት አገር ትደርሳለች። ቋንቋው የባዕድ ነው። ግን ዝይ ስትዘፍን እያየ ትርጉም የሚጠይቅ ልጅ የት አለ?

የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ፊልም አጫዋቹ የፊልሙን ሦስተኛ ጥቅል ይዞ ደረጃ ሲወጣ እግሩ ከዳው። ጥቅሉ እየተንከባለለ ምድር ቤት ደረሰ። ምስሉ እንደ ምንም ተረፈ፤ ድምፁ የተቀረጸበት ጠርዝ ግን ተፋፍቆ አለቀለት። ያ ጥቅል ደግሞ ልጅቷ መንገድ ጠፍቷት፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ የምትዘፍንበት ነበር። አዳራሹ በልጆች ጢም ብሏል። ያኔ ገና ወጣት የነበረችው እትዬ ባትሪ ዜማውን በር ላይ ቆማ ስትሰማ በቃሏ ይዛዋለች። ምን እንደነካት ሳታውቀው ከሸራው ጀርባ ሮጠች፤ የልጅቷ አፍ ሲከፈትም ከራሷ ቃል ፈጥራ አብራት ዘፈነች።

«በየት በኩል ልውጣ፣ በየት በኩል ልግባ፣
እናቴ ትጠብቃለች በሩን ሳትዘጋ።»

እዚህ ላይ ቃል አለቀባት። ዜማው ግን ገና ነው፤ ሸራው ላይ ያለችው ልጅ አፏን ከፍታለች። በጭንቀት እጇን ኪሷ ብትከት እናቷ ጠዋት የሰጠቻት የሱቅ ዝርዝር ወጣ። ምን ታድርግ? አየችውና ለቀቀችው።

«ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ አንድ ጥቅል ክር፣
ይዤልሽ እመጣለሁ፣ እማ፣ ከዚህ አገር።»

ልጆቹ በጭብጨባ ቤቱን አናጉት። በዓመቱ እንደገና ስትዘፍን ሳሙናውን ልታወጣው ፈልጋ ነበር፤ የፊት ወንበር ላይ ያሉት ግን ቦታው ሳይደርስ «ሽንኩርት! ሽንኩርት!» እያሉ ጠበቋት። ሳሙናውም በዚያው ጸና። ማን እንደሚዘፍን የሚያውቁት ፊልም አጫዋቹና የቤቱ አለቃ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ፊልሙ እዚያ ሲደርስ በራሱ በአማርኛ አፉን የሚፈታ ይመስለዋል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የልጅ ልጇ ሰባት ዓመት ሞላት። ጨለማ ስለምትፈራ እናቷ እስካሁን አላመጣቻትም ነበር። እትዬ ባትሪ ገላዋን ባጠበቻት ቁጥር ያንኑ ዘፈን ትዘፍንላታለች። ከሸራው ጀርባ ስትዘፍንስ ልጅቷ ድምጿን ትለየው ይሆን? ዓመቱን ሙሉ ቀን ስትቆጥር የከረመችው ይህን ለማየት ነው።

ሐሙስ ዕለት ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ወደ ቢሮው ጠራት። ምስጢሩን ከቀድሞው አለቃ ከወንበሩ ጋር ወርሶታል።

«የምሥራች፣ እትዬ! አዲስ ቅጂ መጣልን። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከእንግዲህ ከሸራ ጀርባ አይድከሙብን።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለችው። ልጁ ለእሷ ማሰቡ ነው፤ ምን ብላ ትቆጣው? የመጥረጊያ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ገባችና ባልዲ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አፍንጫዋን ጠርጋ ስትወጣ ማንም አልጠረጠረም።

ቅዳሜ የልጅ ልጇን አምስተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጣ ራሷ ከኋላ በር ላይ ቆመች። ሸራው ላይ ያለችው ልጅ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። አፏን ከፈተች። የባዕድ ድምፅ በክራር መሳይ ነገር ታጅቦ ፈሰሰ። ያምራል፤ እትዬ ባትሪ ይህን አትክድም። አዳራሹ ግን ማጉረምረም ጀመረ።

«ተሳስታለች!» የሚል ቀጭን ጩኸት ከአምስተኛው ረድፍ ተሰማ። «እንደዚህ አይደለም! ሳሙናውስ?»

የልጅ ልጇ ናት፤ ወንበሩ ላይ ቆማለች። ደንብ ደንብ ነውና እትዬ ባትሪ ባትሪዋን ቦግ አድርጋ ደገነችባት። ልጅቱ ጸጥ ማለት ቀርቶ በብርሃኑ መሃል «በየት በኩል ልውጣ» ብላ ጀመረች። «በየት በኩል ልግባ» ሲል አንድ ድምፀ ጎርናና አባት ከጥግ ተቀበላት። ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት እናቶችና አባቶች ሁሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ፊልም አጫዋቹ በመስኮቱ አየና የአዲሱን ቅጂ ድምፅ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ሽንኩርቱ ላይ ሲደርሱ ሥራ አስኪያጁ ራሱ በር ላይ ቆሞ ይዘፍን ነበር።

ልጅቷ ወደ ብርሃኑ ዞረች። «እማማ፣ ያንቺ ዘፈን እኮ ነው! አንቺም ዝፈኚ እንጂ!»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። እትዬ ባትሪ የምትደበቅበት ሸራ አልነበራትም። በሩ ላይ እንደቆመች ከፍ አድርጋ ዘፈነች። ድምጿን ሲሰሙ ትልልቆቹ «እሷ ናት! እሷው ናት!» ተባባሉ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ልጅቷ እጇን ይዛ ትንሽ አሰበች።

«እማማ፣ ያቺ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ሆና ሳሙና ምን ያደርግላታል?»

«ያን ቀን እኛ ቤት ሳሙና አልቆ ነበር።»

«ታዲያ ገዛሽው?»

እትዬ ባትሪ ቀጥ ብላ ቆመች። ያን ቀን እንደዚያ ተጨብጭቦላት፣ በደስታ እየበረረች፣ ባዶ እጇን ነበር ቤት የገባችው። እናቷም ስንት ቀን ተቆጥታታለች።

«ወይኔ ልጄ» አለች እየሳቀች፤ «ረሳሁት!»

«ነያ እንግዛው» አለች ልጅቱ፣ ወደ ሱቁ እየጎተተቻት። «ክብሪቱንም አትርሺ።»